የታሰረ ጎን

ጎረቤታችን ገዱ ደውሎ «አባትሽን ከአራት ቀን በፊት በሬ ገፍቶ የአውድማው ድንጋይ ላይ ጣላቸው፤ ግን አይዞሽ፣ ጎናቸውን ራሳቸው አስረውታል» አለኝ። ከመውደቁ ይልቅ መታሰሩ አስደነገጠኝ። ደባርቅ በነርስነት ነው የምሠራው። ተራዬን ለጓደኛዬ ለምኜ ሰጠሁና በሚኒባስ ዳባት ወረድኩ፤ ከዚያ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ በእግሬ።

አባቴ ያርጋል የአገሩ ወጌሻ ነው። ከጃናሞራ ድረስ ሰው በቃሬዛ ይዘውለት ይመጣሉ። በልጅነቴ የተሰበረውን ክንዴን እሱ ነው ያሰረልኝ፤ ዛሬ የትኛው እንደነበር እንኳ ይጠፋኛል። ይህን የምናገረው እንዳታሙት ነው። የሚያውቀውን አሳምሮ ያውቃል። የማያውቀው አንድ ነገር ነበር፤ እሱንም እኔ አውቄ ደብቄዋለሁ።

ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት እናቴ ሐመልማል ከጭድ ክምር ላይ ወድቃ የጎድን አጥንቷ ተሰበረ። አባቴ በገዛ መቀነቷ ከብብቷ እስከ ወገቧ ጠፍሮ አሰራት። «አጥንት ካልታሰረ አይገጥምም» አለ። አምስት ቀን ደህና ነበረች፤ ሕመሙም ቀንሶላት ነበር። በስድስተኛው ቀን ትኩሳት ያዛት፣ በዘጠነኛው ቀበርናት። ምች መታት ተባለ።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ነርሲንግ ስማር መምህራችን ስለ ጎድን አጥንት አስረዱን። ሳንባ የራሱ ጉልበት የለውም። የጎድን አጥንቶቹ ወደ ላይና ወደ ጎን ሲከፈቱ፣ ከሥር ያለው ጡንቻ ወደ ታች ሲወርድ ነው አየር የሚገባው። ደረቱ የተጠፈረ ሰው ከላይ ከላይ ይተነፍሳል፣ አጥብቆ ማሳል አይችልም፣ አክታው ከሥር ይጠራቀምና የሳንባ ምች ይሆንበታል። ስለዚህ የተሰበረ ጎን አይታሰርም አሉን። ሌሎቹ ጻፉት። እኔ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

ለአባቴ አልነገርኩትም። ምን ብዬ? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔው አሥራ አንድ ዓመት አድሮም አልጠራ፣ አፍኜ ይዤዋለኋ!

ቤት ስደርስ መደቡ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ትንፋሹ አጭር አጭር ነው፣ ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ግንባሩ ይፋጃል። ደረቱ ላይ የተጠመጠመው የእናቴ መቀነት ነበር።

«አባዬ፣ ልፍታው» አልኩት።

«አይፈታም። ገና አራት ቀኑ ነው።»

«ትኩሳት አለህ እኮ።»

«ብርድ ነው። አንቺ በመርፌሽ፣ እኔ በእጄ።»

ምክንያቱን ሳልነግረው ላድነው ፈለግኩ። «መመሪያ ነው፤ አሁን እንዲህ አይታሰርም» አልኩት። ሊስቅ ሲል ጎኑን ወጋውና ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«መመሪያ በሬ ገፍቶት ያውቃል?» አለኝ።

አባቴን መገሠጽ ድንጋይ መገሠጽ ነው። ካልነገርኩት ይሞታል፤ ከነገርኩት የእናቴን ነገር ይደርስበታል፣ ሞኝ አይደለምና። ፈራሁ። አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ሁለቱን እጆቹን ይዤ ከነጠላዬ ሥር ግራና ቀኝ ጎኔ ላይ አደረግኳቸው።

«እኔን ካላመንከኝ እጅህን እመነው» አልኩና በረጅሙ ተነፈስኩ።

ጣቶቹ እንደ ልማዳቸው አጥንት አጥንቱን ፈለጉ። ሦስቴ፣ አራቴ ተነፈስኩ።

«ይከፈታል» አለ ቀስ ብሎ። «እንደ አንጥረኛ ወናፍ።»

«ወናፉን ጠፍረህ ብታስረው እሳቱ ምን ይሆናል?»

«ታዲያ መች አርፎ ይገጥማል?» ሲል ጠየቀኝ።

«አያርፍም። እግር አርፎ ይገጥማል፤ ጎን ግን እየተንቀሳቀሰ ነው የሚገጥመው። ካሰሩት ከሥር ሳንባው ይታመማል፣ ትኩሳት ያመጣል።»

እጁን አነሳ። አቀርቅሮ መቀነቱን አየው፤ ጫፉን በጣቱ ዳሰሰው። የት እንደደረሰ ገባኝ።

«ፍቺው» አለኝ።

ገዱና ጎረቤቶቹ በቃሬዛ እስከ መንገድ አደረሱልኝ። ደባርቅ ራጅ ሲነሣ ሦስት የጎድን አጥንቶች ተሰብረዋል፣ ሳንባውም ታሟል። መርፌ ተጀመረለት። ትራስ ጎኑ ላይ አቅፎ እንዲያስል፣ በየሰዓቱ አሥር ጊዜ በረጅሙ እንዲተነፍስ አደረግኩት። በየትንፋሹ መሃል እየረገመኝ ተነፈሰ።

በሰባተኛው ቀን ትኩሳቱ ጠፋ። ጠዋት ገንፎ ላበላው ስል እጄን ያዘኝ።

«ሐመልማልን ብፈታት ኖሮ ትድን ነበር?»

የእሷ ሕመም ሌላ ነበር ልለው አሥራ አንድ ዓመት የተዘጋጀሁበት ውሸት ነበረኝ። አልወጣ አለኝ።

«ሳትድን አትቀርም ነበር» አልኩት።

በጋቢው ፊቱን ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ጎኑን እንዳያመው ትራሱን አስታቀፍኩት። እኔም አለቀስኩ።

«መች አወቅሽ?» አለኝ ከጋቢው ውስጥ።

«አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። እንዳታዝን ብዬ ነው።»

ጋቢውን ገለጠ። እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም።

«ከዚያ ወዲህ ስንት ጎን እንዳሰርሁ ታውቂያለሽ?»

እውነቱን ልናገር፣ አስቤውም አላውቅም። ለእሱ አዘንኩ ብዬ እጁን ሌላ ሰው እንዲያስር ለቅቄለት ኖሬያለሁ። አባቴ ጣሪያውን እያየ ስም ይጠራ ጀመር። የዘቢደር ልጅ፣ የሻረው አባት፣ ዓለምብርሃን። ከመካከላቸው የዳኑ አሉ። የሻረው አባት በተቀበሩ ጊዜ ሠልስታቸው ላይ ነበርኩ፤ ምች ነው ሲሉ ሰምቼ ወጥ ጨልፌያለሁ።

በጥር ከአምባ ጊዮርጊስ ሀብተ ጊዮርጊስ የሚባል እህል ጫኝ መጣ። ከመኪና ላይ ወድቆ ጎኑን ይዟል። እኔም ለዕረፍት ቤት ነበርኩ። ከደጅ ሰባት ስምንት ሰው ተቀምጧል።

«አያ ያርጋል፣ ጠበቅ አድርገው ይሰሩኝ» አለ።

አባቴ ጎኑን ዳሰሰው። ከዚያ እጁን ሁሉም እንዲያየው አነሣ።

«ይህ እጅ ሚስቴን አስሮ ገድሏል» አለ። «ጎን አይታሰርም። ለነፍስ አባቴ ነግሬያለሁ፤ ለናንተም እየነገርሁ ነው።» ዞሮ አየኝ። «በይ፣ አንቺም ንገሪያቸው።»

«እኔም አውቄ ዝም ብያለሁ» አልኩ። ከሰዎቹ መካከል ሻረው ነበር። ቀና ብሎ አየኝ፤ ዓይኔን አልሰበርኩም።

አባቴ የእናቴን መቀነት አጣጥፎ እንደ ትራስ አደረገና ሰውየውን አስታቀፈው።

«ሲያስልህ ይህን ጎንህ ላይ ደግፍ። ትኩሳት ከያዘህ እዚህ አትምጣ፤ ደባርቅ እሷ ዘንድ ሂድ። አሁን በረጅሙ ተንፍስ።»

«ያማል፣ አያ ያርጋል።»

«አውቃለሁ። ተንፍስ።»

ሰውየው ተነፈሰ። አባቴ እጁን ጎኑ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እስከ አሥር ቆጠረ።