የፌስቲ ሩዋን ቦስተን

ፌስቲ ሩዋን ቦስተን ሄዶ አያውቅም። ከሰፈራችን ሰው ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት አፌን ይዤ ኖሬአለሁ።

በዚያ ዘመን ሰው ወደ አሜሪካ ሲሄድ በዋዜማው ጎረቤቱ ተሰብስቦ ግማሹን እንደ ለቅሶ፣ ግማሹን እንደ ሰርግ ያደርግለት ነበር። የፌስቲ ሽኝት ትልቅ ነበር። ቀድሞ ለንደን ሦስት ዓመት ግንበኛ ሆኖ ተመልሷል፤ ሁለተኛ የሄደ አይመለስም ተባለና ሦስት ዝይ ታረደለት። ቄሱ ባረኩት። ሰፈሩ የቆዳ ሻንጣ ገዛለት።

በሄደ በሁለተኛው ወር ጥጃ ልሸጥ ባሊና ከተማ ወረድኩ። ከቤታችን የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። አንድ ዳቦ ቤት በር ላይ ፌስቲ ዱቄት በዱቄት ሆኖ ቆሟል። ተያየን። እሱ ወደ ውስጥ ገባ፣ እኔም ወደ ጥጃዬ ሄድኩ። ለእናቱ የሚጽፈውን ደብዳቤ ቦስተን ያለ የአክስቱ ልጅ ከዚያ እንዲልክለት እያደረገ ቆየና፣ በአሥራ አንደኛው ወር ሻንጣውን አንጠልጥሎ ከቦስተን መጣሁ አለ።

አላጋለጥኩትም። ብቻ መጠጥ ቤት ስለ ቦስተን በረዶ ባወራ ቁጥር፣ “ዳቦውስ እንዴት ነበር?” እለዋለሁ። “ጥሩ ነበር” ይልና ብርጭቆውን ያነሳል። ከዚህ ሌላ ብዙ ደስታ የለኝም።

አምና የእህቴ የልጅ ልጅ ሙረን ከአውስትራሊያ ተመለሰች። ፐርዝ ከተማ ስድስት የአገር ልጆች ሆነው በአንድ ቤት ሲኖሩ፣ አራቱ ቀደም ብለው ተሰደው፣ ተመልሰው፣ እንደገና የወጡ ነበሩ። ለምን ብላ ብትጠይቃቸው አራቱም የተለያየ መልስ ሰጧት። ነገሩ ከጭንቅላቷ አልወጣ ብሎ ጎልዌይ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ አገሩ የገባ ሰው ለምን ዳግም ይሰደዳል የሚለውን ልታጠና። መምህሯ አሥር ሰው ካላነጋገርሽ ጥናቱን አልቀበልም አሏት። ዘጠኝ አገኘች። የማስረከቢያው ቀን አርብ ነው። ረቡዕ ጠዋት መጣችና አሥረኛው ጋሽ ፌስቲ ነው፣ ብቻዬን አፍራለሁና አብረኸኝ ሂድ አለችኝ።

ብናገር ፌስቲ በዚህ ሰፈር ቀና ብሎ አይሄድም። ዝም ብል ውሸቱ በልጅቱ ስም ይጻፋል። አብሬያት ሄድኩ።

ፌስቲ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ጠበቀን። ሻይ ቀዳ፣ ራሱ የጋገረውን ዳቦ ቆረጠ። ሙረን ድምፅ እንዲቀዳ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። የቦስተኑ በረዶ መጠጥ ቤት ከሚያወራው አንድ ክንድ ጨምሮ መጣ። እዚያ የኖረበትን ሰፈር ስም ጠየቀችው፤ ረስቼዋለሁ አለ። ሥራ በምን እንደሚሄድ ጠየቀችው፤ በአውቶቡስ አለ። ስንት ቁጥር? አለችው። ፌስቲ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ዳቦውን እያየሁ ነበር።

“ዳቦውስ እንዴት ነበር?” አልኩ።

ቢላዋው ቆመ። “አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ እንኳ አትምረኝም?”

ሙረን ሁለታችንን እያፈራረቀች አየችን። ከዚያ ስልኳን አጠፋች።

“ጋሽ ፌስቲ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ለእማዬ እንዳይነግሩብኝ። እኔ ከፐርዝ የመጣሁት በየካቲት ነው።”

እናቷ ሻነን አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ፊኛ ይዛ ሄዳ የተቀበለቻት በሰኔ ነው። እኔም ነበርኩ።

“አራት ወር ጎልዌይ ሆቴል ውስጥ ሳህን ሳጥብ ነበር። ሳይሆንላት ቀርቶ ተመለሰች እንዳይሉኝ። በሰኔ ሻንጣዬን ይዤ በአውቶቡስ ሻነን ሄድኩና ከደረሱት መንገደኞች ጋር ተቀላቀልኩ።”

ፊቷ ከፀሐይ አገር የመጣ ፊት እንዳልሆነ ያን ዕለት አይቻለሁ። የጠየቀኝ ግን አልነበረም።

ፌስቲ ሻዩ እስኪፈስ ሳቀ። ሲበቃው አይኑን ጠረገ።

“እኔም ሻነን ደርሼ ነበር። ተሳፈሩ ሲባል እግሬ እምቢ አለኝ። የመጀመሪያውን ጊዜ ሳላውቅ ነው የሄድኩት። ሁለተኛውን ግን አውቀዋለሁ፤ ለንደን የነበርኩባት ክፍል ትዝ አለችኝ። ደግሞስ ሦስት ዝይ አሳርጄ በማግስቱ እንዴት ልመለስ?”

“አሥረኛዬ ሄደ በቃ” አለች ሙረን።

“ቦስተኑን እንዳለ ጻፊው። ማን ይጠይቅሻል?”

“ይሄ ይጠይቃል” ብላ ወደ እኔ አመለከተች። ቀጥላም ስልኳን መልሳ ከፈተች። “ከሻነን ይጀምሩልኝ።”

ስሜ አይነሳ ብሎ ጀመረ። ሁለት ሰዓት አወራ። በዚያ ሁሉ አንድም በረዶ አልነበረም።

አርብ ዕለት ላከችው። ስንት ሰው በሚለው ቦታ ዘጠኝ ተኩል ብላ ጻፈች። መምህሯ ተኩሉ ማን ነው ብለው ደወሉ። ነገረቻቸው። ጥናቱን ተቀበሉ፤ እንደ ተኩሉ ያሉ ሌሎችም ፈልጊ አሏት። ሩቅ መሄድ የለብሽም ብላት ተቆጣችኝ።

ቅዳሜ መጠጥ ቤት ገባሁ። ፌስቲ የቦስተን ወሬው ላይ ነው፤ በረዶው መስኮት ደርሷል።

“ዳቦውስ እንዴት ነበር?” አልኩት።

“ትኩስ” አለ። “በገዛ እጄ ነው የጋገርኩት።”

አጠገቡ የተቀመጡት፣ ቦስተን ደግሞ ዳቦ ጋጋሪ ነበር እንዴ ብለው ተገረሙ። ብርጭቆዬን አነሳሁ።