ስምንቱ አረንጓዴ ክሮች

ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ድሬዳዋ ውስጥ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ፣ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ መጣ። ዝናቡ የጣለው ከላይ፣ ተራራው ላይ ነበር። ወደ ከፊራ ገበያ የሚያሻግረው ድልድይ መዘጋቱን ፋርቱን ስትሰማ፣ ባዶ ዘንቢሏን ታቅፋ በመጣችበት ባጃጅ ወደ ሰፈሯ ወደ ሳቢያን ተመለሰች። የሰፈሩ ጉሊቶችም አትክልታቸው ከዚያው ከማዶ የሚመጣ በመሆኑ ከጠወለገ ቃሪያ በቀር የተረፋቸው አልነበረም።

ጭንቀቷ ግን ከገበያው መቅረት ይልቅ ሌላ ነበር። እናቷ ሃሊሞ ከሐሙስ ማታ ጀምሮ ከሻይና ከጥቂት ተምር በስተቀር እህል አልቀመሱም። የደም ግፊት እንዳለባቸው የተነገራቸው ባለፈው ሳምንት ነው፤ ጨውና ቅባት እንዲቀንሱ፣ ኪኒኑንም ከምግብ በኋላ እንዲውጡ ታዘዋል። ምግቡ ሲቀር ኪኒኑም ቀረ። ጠዋት ፋርቱን ወደ ጤና ጣቢያው ደውላ ስትጠይቅ የተሰጣት መልስ አጭር ነበር፦ እስከ ማታ በልተው መድኃኒታቸውን ካልወሰዱ፣ ነገ ተኝተው እንዲታከሙ ይዛቸው ትምጣ። ሃሊሞ ደግሞ ባላቸው በእግሩ ገብቶ በቃሬዛ ከወጣ ወዲህ የሆስፒታል አልጋ ሲነሳ መስማት አይወዱም።

ለምን እንደማይበሉ በተጠየቁ ቁጥር መልሳቸው አንድ ነበር።

«ግመል እንኳ ጨው ይላሳል።»

ፋርቱን በኢንዱስትሪ ፓርኩ አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ናት። ፈረቃዋ በየቀኑ ገበያ ስለማያስወጣት፣ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ዱባና ጎመን ከትፋ፣ ቲማቲም ፈጭታ፣ የሎሚ ጭማቂ በበረዶ መሥሪያ አርግታ፣ በየላስቲኩ እየቋጠረች እዚያው ግቢ በምትኖረው በቢታንያ ፍሪዘር ታስቀምጣለች። ሥጋም አብሮ ያድራል። ቢታንያ ክርስቲያን በመሆኗ የአንዳቸው እርድ ለሌላቸው አይበላም፤ ስለዚህ እንዳይቀላቀል የፋርቱን የሥጋ ላስቲክ በአረንጓዴ ክር፣ የቢታንያ በነጭ ክር ይታሰራል። በዚህ ደንብ ሦስት ዓመት ኖረዋል።

ያን ዕለት ቢታንያ ለሥራ ወደ ማዶ ተሻግራ እዚያው ቀርታለች፤ ስልኳም አይነሳም። ቁልፉ ግን እንደ ወትሮው ፋርቱን ዘንድ ነበር። ፍሪዘሩን ከፍታ ዱባውንና ቲማቲሙን ስትፈልግ፣ ከሥራቸው የተፈጨ ሥጋ አገኘች። ላስቲኩ ላይ አረንጓዴም ነጭም ክር የለም።

ለአረፋ ካስቀመጡት ሥጋ አንድ ላስቲክ ሳይተርፍ እንደማይቀር ገመተች። መረቅ ከሸተታቸው እናቷ እንደሚበሉም አልተጠራጠረችም። ጣቶቿ እስኪደነዝዙ ይዛው ቆመች። የእነርሱ ሊሆን ይችላል፤ የቢታንያም ሊሆን ይችላል። የሚያይ ሰው አልነበረም። እናቷ ሳያውቁ የሚበሉትን ግን እርሷ ዕድሜ ልኳን ስታውቀው ልትኖር ነው። ሥጋውን ወደ ቦታው መለሰችና ዱባውን፣ ቲማቲሙንና ሁለት የሎሚ በረዶ ይዛ ወጣች።

ማጀት ውስጥ የቀረው አንድ ኩባያ ምስር፣ ከረመዳን የተረፈ የሹርባ አጃና ሁለት ራስ ቀይ ሽንኩርት ነበር። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት፣ ውሃ ጠብ እያደረገች አበሰለችው። ቲማቲሙ ሟሙቶ ቀይ ሲሆን ምስሩን፣ አጃውንና ዱባውን አከታተለች፤ ዱባው ፈርሶ ሹርባውን ሲያወፍረው ከሙንና ድንብላል ነሰነሰችበት። ሎሚውን የጨመረችው ድስቱን ካወረደች በኋላ ነው፤ የጨውን ቦታ ይሸፍንልኛል ብላ የተማመነችው በእርሱ ነበር።

ሃሊሞ ሳህኑን ተቀበሉ እንጂ ማንኪያውን አላነሡም።

«ሥጋ አለበት?»

«የለበትም፣ ሆዮ» አለች፣ እናቴ ለማለት።

«እዚያ ፍሪዘር ውስጥ ክር የሌለው ላስቲክ አላየሽም?»

ፋርቱን ደነገጠች። እናቷ ያን ጊዜ ያልተናገሩትን አወጡት። ሐሙስ ከሰዓት ሙቀቱ ሲበረታባቸው በረዶ ሊወስዱ ገብተው ክር የሌለውን ሥጋ አይተዋል። ማታ የሥጋ ሹርባ ሲቀርብላቸው የመጀመሪያው ማንኪያ ጉሮሯቸው ላይ ቀረ፤ ልጃቸው ተሳስታ የጎረቤትን ሥጋ ያበሰለች መሰላቸው። ከዚያ ወዲህ ከዚያ ድስት የወጣ ነገር ሁሉ አልዋጥ አላቸው። በጨው ያሳበቡት ለዚህ ነበር።

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ዕቃሽን ከፍሪዘሯ ታወጫለሽ። ቢታንያ እኮ ያዞረኝ ቀን ጫማዬን ያጠለቀችልኝ ልጅ ናት። በምን አፌ ላስቀይማት?»

ፋርቱን ተነሣች። ከምድጃው በላይ ካለው ምስማር የተንጠለጠሉትን አረንጓዴ ክሮች አወረደች። ፋብሪካ ክር መጣል ስለማያስተምር፣ ከአረፋ ወዲህ ከሥጋው ላስቲክ የፈታችውን ሁሉ እዚያ ሰቅላዋለች። ለአረፋ ሥጋውን ሲቋጥሩ ክሩን በመቀስ የቆረጡላት ራሳቸው ሃሊሞ ነበሩ፤ በየሐሙሱ አንድ እንዲሆን ስምንት ላስቲክ አስረው ነበር። አሁን ክሮቹን አንድ በአንድ እናቷ ጭን ላይ አኖረቻቸው።

ሃሊሞ በጣታቸው ቆጠሩ። እንደገና ቆጠሩ።

«ስምንት» አሉ።

የእነርሱ ሥጋ ሐሙስ ዕለት አልቋል ማለት ነው። ሐሙስ የበሰለው የራሳቸው ነበር፤ ክር የሌለው የቢታንያ ነው። ፋርቱን ያን ጊዜ ገባት፤ ዛሬ ያን ሥጋ አብስላው ቢሆን ኖሮ የእናቷ ፍርሃት እውነት ሆኖ ይቀር ነበር። ሃሊሞ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ማንኪያውን አነሡ፤ ሳህኑን ጨርሰው እንዲጨመርላቸው ዘረጉ። ከሁለተኛው ሳህን በኋላ ኪኒኑን ሳይለመኑ ዋጡ።

አመሻሽ ላይ ድልድዩ ተከፍቶ ቢታንያ ጭቃ የነካ ጫማዋን በእጇ ይዛ ገባች። የሆነውን ስትሰማ መጀመሪያ አፈረች፤ ፍልሰታ ሲገባ ሥጋዋን ወደ ታች ስታወርድ ነጩ ክር ተበጥሶባት፣ ነገ አስረዋለሁ እያለች ነው የረሳችው። ከዚያ የእናትየውን የሁለት ቀን ዝምታ ስታስበው ሳቋ መጣ። ሹርባው ሥጋም ቅቤም የሌለበት በመሆኑ ለጾሟ ይሆናትና ፋርቱን ሞልታ ቀዳችላት።

ቢታንያ አንዴ ጎርሳ ቆም አለች። «አቦ፣ ይሄ ነገር ጨው የለውም እንዴ?»

ሃሊሞ ክሮቹን እየጠቀለሉ ቀና አሉ።

«ምነው፣ ግመል ነሽ?»