ሻምበል ስለ ሽጉጡ የተናገረ ቀን

ልብስ ሰፊዋ ሠላሳ ዓመት የሰው ወገብ ስትለካ ኖራ የገዛ ባሏን ግን ለክታ አልጨረሰችም። ባሏ የፋብሪካ በር ጠባቂ ነበር፤ ጡረታ ከወጣ ሦስት ዓመቱ። ሻምበል የሚሉት ለቀልድ ነው እንጂ ማዕረጉ ከበሩ አልፎ አያውቅም።

ሽጉጡን ቁምሳጥን ውስጥ ያኖራል። እሁድ እሁድ ላይ ላዩን በጨርቅ ወልወል አድርጎ ይመልሰዋል። ከፍቶ አያይም። «እኔ ጥይት ያጎረስኩትን ማን አባቱ ይነካዋል?» ይላል።

ሰፊዋ ነካችው። ጡረታ በወጣ በወሩ ከሬዲዮ ጋር መጣላት ጀመረ፤ ዜና አንባቢውን «ውሸታም!» እያለ ጠረጴዛ ሲደበድብ ጊዜ፣ ጥይቶቹን አንድ በአንድ ለቅማ አወጣች። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ወሬ ለምትወድ ሴት ይሄ ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ዓመት ቆይቶ አማቻቸው ጠጥቶ መጣና ሚስቱን፣ የነሱን ልጅ ማለት ነው፣ ክንዷን ይዞ ሲጎትት ሻምበል ሽጉጡን መዘዘበት። የአማች ስካር ብን ብሎ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ መጠጥ በአፉ አልዞረም ይባላል። ልጅቷ ግን የአባቷን ደጃፍ አልረገጠችም። አሁን ነፍሰ ጡር ናት፤ ዘጠነኛ ወሯ ገብቷል።

«እማዬ፣ አንቺ ጋ ብታረስ ደስ ይለኛል» አለች በስልክ። «ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ያለበት ቤት ግን ልጄን አላስተኛም።»

«ባዶ ነው እኮ። እኔው ነኝ ያራገፍኩት።»

«አባዬ ያውቃል?»

«ኧረ የት አውቆ!»

«እንግዲያው ባወቀ ማግስት ያጎርሰዋላ! እሱ ራሱ ባዶ ነው ይበለኝ። ባዶ ይቆያልም ይበለኝ።»

ሰፊዋ ጨነቃት። ቤት ውስጥ ብትነግረው ጣራው ይነሣል። ሰው ፊት ግን ሻምበል ጮሆ አያውቅም፤ የበር ሰው ነው፣ እንጀራው ትሕትና ነበር።

በዚያው ሳምንት አገሩ ሁሉ የሚያወራው ስለ መሣሪያ ነበር። ሰው ቤቱ መሣሪያ ያኑር ወይስ ያስረክብ? ሕጉ ሳይወጣ የየሰፈሩ ሰው አዳራሽ ገብቶ ይከራከር ተባለ።

ሻምበል ኮቱን አስተኩሶ ሄደ፤ ተራው ሲደርስም ተነሣ። «መብቴ ነው» አለ ረጋ ብሎ። «ሌባ ሲገባብኝ ፖሊስ እስኪደርስ ማን ይጠብቀኛል? ልጄን ከድብደባ ያዳነልኝ ይሄው የጎረሰ ሽጉጤ ነው።» ተጨበጨበለት።

የሰፈሩ ትምህርት ቤት መምህርት ተነሣች። «ሻምበል፣ ተኩሰውበት ቢሆንስ ኖሮ? ልጅዎ ያለ ባል፣ እርስዎ እስር ቤት!» ለሷም ተጨበጨበ።

ሰፊዋ እጇን አወጣች። «እኔ የማውቀውን ልናገር። የዚያን ቀን ሽጉጡ ባዶ ነበር። ጥይቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»



«የት አደረግሽው እትዬ?» አለ ከኋላ የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ።

«መጋረጃ ጠርዝ ውስጥ ሰፋሁት። እንዴት ቀጥ አድርጎ እንደሚያወርደው!»

ሳቅ በሳቅ ሆነ። ከዚያ ክርክሩ ባሰበት። የሻምበል ወገኖች «አያችሁ! ባዶው እንኳ ቤት ይጠብቃል፤ መብታችን አይነካ!» አሉ። የመምህርቷ ወገኖች «አያችሁ! ቤት ያለ ጥይት ይጠበቃል፤ ሁሉም ያስረክብ!» አሉ። አንዷን ወሬ ለሁለት ቀደዱና በየልካቸው ለበሷት። ሰፊዋን ምን ታስቢያለሽ ያላት የለም።

ሻምበል አልጮኸም። ኮቱን ቆልፎ ወጣ። ስትከተለው ደረጃው ላይ ቆሞ አገኘችው።

«ሁለት ዓመት ሙሉ?»

«ሦስት።»

«ያ ሰካራም ዘሎ ቢያንቀኝስ ኖሮ?»

«አላነቀህም።»

«ቢያንቀኝስ አልኩሽ!»

«መቀሴን ይዤ ከኋላው ነበርኩ። አንተ የት አየኸኝ።»

ሻምበል በመሐረብ አፍንጫውን ጠረገ። እሷ ደውላ ስልኩን አቀበለችው። «ልጅህ ናት። ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ካንተ ካልሰማሁ ልታረስ አልመጣም ብላለች።»

ስልኩን ደረቱ ላይ አፈነው። «እዚያ ውስጥ የሰጠሁትን ቃል አላጥፍም። መብቴ ነው።»

«ማን እጠፍ አለህ? እሷ የጠየቀችህ ሌላ።»

ስልኩን ወደ ጆሮው ወሰደ። «ባዶ ነው» አለ።

«ባዶ ይቆያል ወይ አባዬ?» ስትል ሰፊዋም ሰማች።

ውስጥ ድምፅ ስጡ ተብሎ እጅ እየወጣ ነው። አንዱ በሩ ላይ ብቅ ብሎ «ሻምበል፣ ኧረ ይግቡ፣ ሰው አነሰን!» አለ።

ሻምበል ጀርባውን ሰጠው።

«ይቆያል» አለ ወደ ስልኩ። «መቼ ነው የምትመጪው? አልጋውን ከመስኮቱ መጋረጃ ላርቀው ነው።»