«ይገጥማል» አለ ሰራዊት

ወርቂቱ የጌም ኮምፒውተር ልትገዛ እንደሆነ የአሶሳ ገበያ የሰማው ከራሷ አፍ ነው። የሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ልብስ ሰፊ ናት፤ ሁለት የስፌት መኪናና አንድ የማያርፍ ምላስ አላት።

«ለሒሳብ ሥራ ነው?» ይሏታል።

«ለጌም።»

«ለልጅ ነዋ?»

«ልጅ የለኝም። ለራሴ ነው።»

ከዚህ በኋላ ጠያቂው የጨርቅ ዋጋ ይጠይቃል።

ነገሩ የተጀመረው ከስፌት ቤቷ አጠገብ ባለችው የኻሚስ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው። ኻሚስ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግን፣ ሃምሳን የተሻገረ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው። አንድ ቀን የሰው ኮምፒውተር ጠግኖ ሲፈትሽ፣ ስክሪኑ ላይ ባለ ተሳቢ የጭነት መኪና በዝናብ ውስጥ ሲሄድ ወርቂቱ አየች። መርፌዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

የቀድሞ ባሏ ቢቂላ የአዲስ አበባ መስመር የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። በዘጠኝ ዓመት ትዳር መሪውን አንድ ቀን አላስነካትም። «ለሴት ይከብዳል» ይላት ነበር። ኋላ በመንገዱ መንዲ ከተማ ላይ ሻይ ልጠጣ ብሎ ወርዶ እዚያው አገባ። ወርቂቱ ለሳምንት ያህል አለቀሰች፤ አብዛኛው ለቅሶ ግን ለመኪናው ነበር።

«ጋሼ ኻሚስ፣ ይህን ለመንዳት ምን ያስፈልጋል?»

«ጉልበት ያለው ኮምፒውተር። የቢሮው አይችልም። ዕቃ ዕቃውን ገዝተህ ብትገጣጥም ይረክሳል። ግን ሳታሳየኝ እንዳትገዛ።»

ኻሚስ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የሚለው። አማርኛን ካደገ በኋላ ስለተማረው የሴትና የወንዱን ነገር ትርፍ ጣጣ አድርጎ ትቶታል። ወርቂቱ ደግሞ ደስ ይላታል። በዚህ ከተማ መኪና ስለመንዳት ጠይቃው ሳይስቅ የመለሰላት እሱ ብቻ ነው።

ሳታሳየው ገዛች። በዚያው ሳምንት የአንድ ትምህርት ቤት ደንብ ልብስ ሰፍታ ስለተከፈላት ብሩ ኪሷ ውስጥ እረፍት ነሳት። በቀጥታ ሰራዊት ዘንድ ሄደች።

ሰራዊት ትናንት ፎቶ ኮፒ ያነሳ የነበረ፣ ዛሬ «ኮምፒውተርና መለዋወጫ» የሚል ሰሌዳ የሰቀለ የሃያ ስምንት ዓመት ጎረምሳ ነው። ቃሉ አንዲት ናት፤ ይገጥማል። የሌላ ስልክ ቻርጀር ይዘህ ብትሄድ፣ ይገጥማል። የቴሌቪዥን እግር ለፍሪጅ ብትጠይቀው፣ እሱም ይገጥማል።

«ይህ ፕሮሰሰር ለዚህ ማዘርቦርድ ይሆናል?» አለችው ወርቂቱ። ማዘርቦርድ ማለት ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ሰሌዳ፣ ፕሮሰሰር አንጎሉ፣ ራም ደግሞ ጊዜያዊ ማስታወሻው መሆኑን ከኻሚስ ሰምታለች።

«እህቴ፣ የአንድ እናት ልጆች ናቸው!»

«ራሙስ?»

«የአጎታቸው ልጅ ነው። ይገጥማል።»

ከፈለች። ካርቶኑን አቅፋ ኻሚስ ጠረጴዛ ላይ አራገፈችው። ኻሚስ ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ አየ። ከዚያ ዝም አለ። ኻሚስ ዝም ሲል ደንበኞቹ የስልካቸውን ሞት ያውቃሉ።

«ምነው?»

«ሰሌዳው አራተኛ ትውልድ ነው። ፕሮሰሰሩ ስድስተኛ ነው። ተመልከት፣ ጎኑ ላይ ያለው ቅድ ከመቀመጫው ጋር አይገናኝም። ራሙም እንደዚያው ነው፤ ቅዱ ሌላ ቦታ ነው።»

«ትንሽ ጫን ብናደርገው?»

«ወላሂ፣ ከተጫንከው ሁለቱንም ትቀብራለህ።»

ወርቂቱ ካርቶኑን ይዛ ተመለሰች። ሰራዊት ገና ሲያያት ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው ወረቀት ጠቆማት፤ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል። ቀጥሎ «ማስገባት ስላላወቃችሁበት ነው» ብሎ ፕሮሰሰሩን መቀመጫው ላይ ጣል አደረገና አውራ ጣቱን አነሳ። ወርቂቱ የእጁን አንጓ ያዘች። አሥራ ስምንት ዓመት ወፍራም ጨርቅ የቆረጠ እጅ ነው፤ ሰራዊት ጣቱን ወደታች ሊያወርደው አልቻለም።

«በቃ» አለችው በቀስታ። ዕቃዋን ሰብስባ ወጣች። ሳትሳደብ በመውጣቷ ሰራዊት ተደሰተ። ሊፈራ ይገባው ነበር፤ የፊታችን ቅዳሜ ሰርጉ ነው፣ ሙሉ ልብሱን የምትሰፋው ደግሞ እሷ ናት።

ሐሙስ ሊለካ መጣ። ኮቱ እንደ ቆዳው ተቀመጠለት። ሱሪውን ይዞ ወደ መጋረጃው ጀርባ ገባ። ትንሽ ትንፋሽ፣ ትንሽ ዝላይ፣ ከዚያም የጭንቅ ድምፅ ተሰማ።

«እህቴ፣ ይህ አይዘጋም!»

«ይገጥማል» አለች ወርቂቱ፣ ክር በጥርሷ እየበጠሰች።

«ከጉልበቴ በላይ አልወጣም እኮ!»

«ትንሽ ተጫነው።»

«የእኔ አይደለም! የማን ሱሪ ነው?»

«የጅረኛ ነው፣ የዘበኛው። እንደ አጎትህ ልጅ ቁጠረው።»

ሰራዊት ከላይ ሙሽራ ከታች እስረኛ መስሎ፣ ሱሪውን በሁለት እጁ ጉልበቱ ላይ ይዞ ብቅ አለ። ወርቂቱ የልብስ ጠመኔዋን አንስታ ካርቶን ላይ «የተሰፋ ልብስ አይመለስም» ብላ ጻፈችና በሩ ላይ አቆመችው። ኮት ሊያስጠብቡ የመጡ ሁለት መምህራን ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ወደ ውጭ ሮጡ።

«እህቴ፣ በእግዜር! ብሩን ለድንኳን ከፍዬበታለሁ።»

«ብር አልፈለግሁም። ጋሼ ኻሚስ ሱቅህ ገብቶ የሚሆነውን ይመርጣል። አንተ አፍህን ትዘጋለህ። ያንተ ሱሪ ተተኩሶ ተቀምጧል።»

እንደዚህ ሆኖ መረጡ። ኻሚስ ማዘርቦርዱን አልነካውም፤ ፕሮሰሰሩንና ራሙን ለአራተኛው ትውልድ በሚስማሙ ቀየራቸው። አሮጌ ስለሆነ ረከሰና ገንዘብ ተረፈ። ምስሉን ስክሪን ላይ በሚያወጣው የግራፊክስ ካርድ ግን ተጣሉ። ወርቂቱ ሁለት ማራገቢያ ያለው፣ ቀይና ሰማያዊ የሚያበራውን ትልቁን አቅፋ አልለቅም አለች።

«አስቀምጠው» አለ ኻሚስ። «ይህ ለብቻው የኃይል ገመድ ይፈልጋል። ኃይል የሚያድለው ፓወር ሰፕላይህ ደካማ ነው፣ አይሸከመውም። ስለዚህ ፓወር ሰፕላይ ትቀይራለህ። ከዚያ ለስክሪን ብር የለህም። ከዚያ ቁጭ ብለህ መብራቱን ታያለህ።»

«መብራቱም ያምራል እኮ።»

«ለመብራቱ አምፖል ግዛ። ይህች ትንሿ ከሰሌዳው በምታገኘው ኃይል ትሠራለች። መኪናህን ትነዳልሃለች።»

ወርቂቱ ትልቁን ካርድ ለመጨረሻ ጊዜ አየችው። ቆንጆ ሱፍ አይታ ለደንበኛዋ ሦስት ሜትር ብቻ መቁረጥ ይመስላል፤ አንጀት ይበላል። ትንሿን ወሰደች። በተረፈው ያገለገለ ስክሪንና ስታቢላይዘር ገዛች፤ የአሶሳ መብራት መቼ ወጥቶ መቼ እንደሚወርድ አይታወቅማ። ሰራዊት ቅዳሜ በትክክለኛው ሱሪ ተዳረ።

በማግስቱ፣ እሑድ ከሰዓት፣ ኻሚስና ወርቂቱ በስፌት ጠረጴዛው ላይ ዕቃውን ገጣጠሙ። የመጨረሻዋን ብሎን ስታጠብቅ በሩ ተንኳኳ። ኦቦ ኤጀታ ናቸው፣ የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ።

«ልጄ፣ ጉባኤው ልኮኝ ነው። ቤትሽ ቁማር ገብቷል የሚል ወሬ አለ።»

«ኦቦ፣ ቁማር አይደለም። መኪና ነው።»

«የት አለ መኪናው?»

«ሊነሳ ነው» አለችና ቁልፉን ተጫነች። ምንም የለም። ደገመች። ኻሚስ «ቢስሚላህ» ብሎ ሞከረ፤ እሱንም አልሰማውም። ገመዶቹን ነካክቶ ላቡን ጠረገ። የሁለት ወር ስፌት፣ የገበያው ሁሉ ሳቅ፣ ሁሉም በዚህ ዝም ባለ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል።

«እንጸልይ» አሉ ኦቦ ኤጀታ።

ጸሎታቸው ረጅም ነው። ለአገር ጀመሩ፣ ለዝናብ ቀጠሉ፣ ለታመሙ ሲደርሱ ወርቂቱ አንድ ዓይኗን ገለጥ አደረገች። በሳጥኑ ጀርባ፣ ገመዱ ከሚገባበት አጠገብ፣ አንዲት ጥቁር ማብሪያ ማጥፊያ አለች። ጠፍታለች። እግዚአብሔርም ከሰማይ ሆኖ «እሷን ንኩልኝ እንጂ» ሲል የቆየ ይመስላል። ወርቂቱ እጇን ቀስ ብላ ሰደደችና ቀጭ አደረገቻት። ኻሚስ አየ። ከንፈሩን ነከሰ።

«...በስምህ ለምነናል፣ አሜን!»

«አሜን!» አለች ወርቂቱና የፊቱን ቁልፍ ተጫነች። ማራገቢያው ተሽከረከረ፣ ስክሪኑ ቦግ አለ። ኦቦ ኤጀታ ኮፍያቸውን አወለቁ።

ኻሚስ ጌሙን እስኪጭን ሽማግሌው ከወንበራቸው አልተነሱም፤ ተአምራቸውን ጥለው የት ይሄዳሉ? ከዚያ ወርቂቱ መኪናውን አስነሳች። አስፋልቱ ከፊቷ እንደ አዲስ ጥቅል ጨርቅ ተዘረጋ።

«ጉድጓድ የለም፣ ፍየል የለም» አሉ ኦቦ ኤጀታ አንገታቸውን ወደ ስክሪኑ አስግገው። «ይህ መንገድ ውሸት ነው።»

ወርቂቱ በመጀመሪያው ጉዞ የመጋዘን በር ሰብራ ገባች። ቀጥሎ ተሳቢውን አደባባይ ላይ አጋደመችው። በሦስተኛው ግን የሲሚንቶ ጭነቱን ይዛ ተራራውን ወጣች፣ ወረደች፣ አደረሰች፣ እና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። መሪው ምንም አልከበደም።

«እስቲ ልየው ላንዴ» አሉ ኦቦ ኤጀታ።

ረቡዕ ጉባኤው ሲሰበሰብ ሽማግሌው ተነስተው ሪፖርት አቀረቡ። «ቁማር አይደለም። ሥራ ነው፤ ሲሚንቶ ማድረስ ነው። ሆኖም ጉዳዩ በአንድ ጉብኝት የሚጣራ ስላልሆነ ነገ ደግሜ እሄዳለሁ።»

አብሯቸው የሚሄድ ሰው ያስፈልግ እንደሆነ ሲጠየቅ ከመዘምራኑ በኩል አራት እጅ ወጣ።