እዚህ ክፍል እባብ አለ

ጸሐፊዋ ስትጠብቀው የኖረችውን እድገት ባለፈው ሳምንት ከአፏ ላይ ነጠቋት። አለቃው ድንገት ፊቱን አጠቆረባት፤ ምክንያቱን የሚነግራት ግን አልተገኘም። እሷም ሥራዋን ቀጠለች።

ዛሬ በምሳ ሰዓት ጥበቃው አንድ ቀጭን እባብ በሒሳብ ሹሙ በር ሥር ሾልኮ ሲገባ አየ። እሱ ባልዲና መጥረጊያ ይዞ ተከትሎት ሲገባ፣ ጸሐፊዋ ደግሞ ሌላ ሰው ዘው እንዳይል «እዚህ ክፍል እባብ አለ» ብላ በቀይ ጽፋ በሩ ላይ ለጠፈች።

ሒሳብ ሹሙ ጥርሱን እየጎረጎረ ከምሳ ተመለሰ። ማስታወቂያውን ሲያነብ ስንጥሩ ከእጁ ወደቀ። ቀጥ ብሎ ወደ ጸሐፊዋ ጠረጴዛ መጣ።

«እህቴ፣ ማን ነገረሽ?»

«ጥበቃው ነዋ። ሾልኮ ሲገባ በዓይኑ አይቶ።»

«አለቃው ቢሮ ስገባ? ሰውዬው በር ላይ ቆሞ ጆሮውን ይተክላል ማለት ነው። ስሚኝ፣ ‹ሌላ ቦታ ሥራ እየፈለገች ነው› ያልኩት ለክፋት አይደለም። ላንቺው አስቤ ነው፤ ኃላፊነት ሸክም ነው።»

ጸሐፊዋ ስለ እውነተኛው እባብ ልትነግረው የከፈተችውን አፍ መልሳ ዘጋችው።

በዚህ መሐል ጥበቃው የተከደነ ባልዲ አንጠልጥሎ ከክፍሉ ወጣ።

«ጋሼ፣ እባቡን ይዤዋለሁ፤ አሁን ይግቡ» አለና ማስታወቂያውን ሊገነጥል እጁን ዘረጋ።

የሒሳብ ሹሙ ፊት አመድ መሰለ።

«ተወው» አለች ጸሐፊዋ። «ጋሼ ከገቡማ ማስታወቂያው ይቆይ።»