አበልጅ የመረጠው ሶፍትዌር

ሶስናን ያኔ ያያት ሰው ሶፍትዌር ሳይሆን ለእህቷ ባል የምትመርጥ ይመስለው ነበር። ይህኛው ምን ጎደለው፣ ለዚያኛው ማን ይመሰክርለታል ስትል ሰነበተች። ሶስና ደብረ ታቦር ባለ አንድ የገበሬዎች ዩኒየን የደንበኞች ክፍል ኃላፊ ናት። ዩኒየኑ የጉናን የዘር ድንች ይሸጣል። ደንበኞቹ የተመዘገቡት በአንድ ሥርዓት፣ የሚልኩት ኢሜይል የሚገባው በሌላ ሰርቨር፤ ሁለቱ ደግሞ እንደ ተኳረፉ ጎረቤቶች አይነጋገሩም። አምና አንድ ትልቅ ገዢ ድንች ፈልጎ ደጋግሞ ቢጽፍ፣ መልእክቱ እረፍት በወጣ ሠራተኛ የኢሜይል ሳጥን ውስጥ ተቀብሮ ቀረ። የገበሬው ድንች ጎንቁሎ፣ ተኮማትሮ ተደፋ።

ሶስና ጉና ድረስ ወጥታ ይቅርታ ጠየቀች። የገበሬዎቹ አለቃ አያ ይሻው ኩታቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ሰሟትና፣ ዘንድሮም እንዲህ ከሆነ ገበሬው ከዩኒየኑ እንደሚወጣ ነገሯት። አይደገምም ብላ ቃሏን ሰጠች። ቃሏን አምነው የዘንድሮውንም ድንች ለዩኒየኑ አስገቡ።

የደንበኞቹን መዝገብና ኢሜይሉን የሚያገናኝ ሶፍትዌር መምረጥ እንግዲህ የሷ ፈንታ ሆነ። ሁለት ቀረቡላት። አንደኛው የሙከራ ጊዜ ይሰጣል። ሁለተኛውን ያመጣው ኤርምያስ ነው፣ የዩኒየኑ የኮምፒውተር ባለሙያ። ኤርምያስ ደግሞ ባለሙያ ብቻ አይደለም፤ አበልጇ ነው። የበኩር ልጇን ክርስትና ያነሳ፣ በዓል ሲሆን ከሁሉ ቀድሞ ቤቷ የሚደርስ፣ ጉንፋን ቢይዛት ሎሚ ይዞ የሚመጣ ሰው ነው።

ሶስና ሁለቱንም ልትሞክር አሰበች። ከውጭ ኢሜይል ይላክና በደንበኛው ገጽ ላይ ይገባ እንደሆነ እንይ፤ በየት በኩል አልፎ እንደሚመጣም ሌላ ባለሙያ ከባሕር ዳር መጥቶ ይመልከተው አለች። የኤርምያስ ፊት ጠቆረ።

«አበልጄ፣ እኔን ነው በሰው የምታስመረምሪኝ?» አላት።

ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ሌላ አገር ቢሆን አዎ፣ ሥራ ነው ይባል ይሆናል። በእኛ አገር ግን በአበልጅ ላይ ምስክር አይቆጠርም፤ ነውር ነው። ሶስና አፈረች። ይቅርታ ጠየቀችው፣ ሙከራውንም ባለሙያውንም ተወች፣ የሱን ሶፍትዌር መርጣ ፈረመች። ወይ ሶስና፣ ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የተባለው ለማን ሆነና!

መጀመሪያ ነገሩ ሁሉ አማረ። የገዢዎቹ ኢሜይል በየስማቸው ሥር ሲገባ እያየች ደስ አላት። የዘር ወቅት ሲደርስ ግን የሚገባው ሰላምታና የበዓል መልካም ምኞት ብቻ ሆነ፤ ድንች የሚል ጠፋ። ገበያው ቀዝቅዞ ነው አላት ኤርምያስ፤ አመነችው። ድንቹ መጋዘን ውስጥ መጎንቆል ሲጀምር ጨነቃትና ማሩ ለሚባል የእብናት ገዢ ስልክ ደወለች። ማሩ ተገረመ። ጽፎ እንደነበር፣ ዩኒየኑም ዘንድሮ ድንች የለንም፣ ሐሙሲት ካለው ነጋዴ ጠይቅ ብሎ እንደመለሰለት፣ ከዚያው እንደገዛ ነገራት። የነጋዴውን ስም ሲጠራላት አወቀችው። የኤርምያስ ሚስት ወንድም ነው።

ኤርምያስ ቢሮ ገባች። አልካደም። ሶፍትዌሩን ሲተክለው የሁሉም ኢሜይል መጀመሪያ በእሱ አካውንት እንዲያልፍ አድርጎ ነው። የወደደውን ያሳልፋል፣ ያልወደደውን ያስቀራል፣ በዩኒየኑ ስም ይመልሳል። ልጄን ታቅፈህ፣ ስለ እሱ ሆነህ ሰይጣንን ክደህ፣ እንዴት አስቻለህ አለችው።

«ብትሞክሪው ኖሮ ትደርሺበት ነበር» አላት ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ። «ማን ከለከለሽ?»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ ፈረስ እንኳ ጥሎ ሲያበቃ ማን ውጪ አለሽ አይልም።

የጉና ገበሬዎች ወርደው መጋዘኑ ደጅ ተሰበሰቡ። ሶስና አንድም ሳታስቀር ተናገረች። ኤርምያስ ትንፍሽ አላለም፤ የሷን ጥፋት የሚሸፍን ጨዋ መስሎ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። አያ ይሻው ሶፍትዌሩን ማን እንደመረጠ ጠየቁ። እኔ አለች። የባሕር ዳሩን ባለሙያ ማን እንዳስቀረው ጠየቁ። እሱንም እኔ አለች። ሽማግሌው አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አዩ። የክርስትናው ድግስ ላይ እሳቸውም ነበሩ።

«ልጄ፣ አበልጅሽ አይደለም እንዴ?» አሉ፣ በቁጣ ሳይሆን በሐዘን። «አበልጅ ከአበልጁ ተደብቆ ምን ይበላል? አንቺ ድርሻሽን ብቻ ንገሪን።»

ልጄ ይሙት ልትል አፏን ከፈተች። ልጁን ያሰበች እንደሆነ ኤርምያስ ታቅፎት ይመጣባታል፤ ምላሷ ተሳሰረ። ገበሬዎቹ መልስ ጠበቁ፤ ጠበቁና አንድ ባንድ የጉናን መንገድ ያዙ።