የአቶ ሊን የትውልድ ቦታ

እዚህ ጆሃንስበርግ፣ የኮዝሞ ሲቲ ሰፈር ዕድራችን ጸሐፊ እኔ ነኝ። ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩን ጽፌ ቀብሩ ላይ አነባለሁ። በበሽታ የሞተውን፣ በመኪና የሞተውን፣ ሱቁ ውስጥ በጥይት የሞተውን፣ ስንቱን አንብቤያለሁ። የሁሉም አጀማመር አንድ ነው፤ እገሌ ከአባቱ ከእገሌ፣ ከእናቱ ከእገሊት፣ በዚህ ዞን፣ በዚህ ቀበሌ ተወለደ። በሰው አገር አፈር የምንለብስ ሰዎች ስለሆንን ይችን የመጀመሪያ መስመር አጥብቀን እንይዛታለን። ሌላው ቢሳሳት ሰው ይቅር ይላል። እሷ ከተሳሳተች ግን ዘመድ ከአገር ቤት ድረስ ደውሎ ይወቅሳል። እኔ በእሷ ተሳስቼ አላውቅም። በአቶ ሊን ቀብር ላይም አልተሳሳትኩም፤ እያወቅሁ ነው ያበላሸኋት።

አቶ ሊን ሻማ፣ ባትሪ፣ ሳሙናና ነጠላ ጫማ የሚያከፋፍሉ ሽማግሌ ነበሩ። ስፓዛ የሚሏት የሰፈር ሱቅ ያለን አምስት ሰዎች ባኪ በምንላት በአንዲት ፒካፕ ተጭነን ማክሰኞ ማክሰኞ ከመጋዘናቸው እናመጣ ነበር። መጀመሪያ የተዋወቅን ቀን «እናንተ ቻይናዎች ዋጋ ላይ ድርቅ ትላላችሁ» አልኳቸው። ከታይዋን ደሴት እንደመጡ በትዕግሥት ነገሩኝና፣ «አንተስ ሶማሌ ነህ?» ብለው ጠየቁኝ። ደሜ ፈላ። እዚህ ሰፈር ሱቅ ያለው ሐበሻ ሁሉ ሶማሌ ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ ደግሞ ከደቡብ የመጣነውን ሁሉ ወላይታ ይሉን ነበር። ሶማሌም ወላይታም ወንድሞቼ ናቸው፤ እኔ ግን የሾኔ ልጅ፣ ሀዲያ ነኝ። ይህንኑ ጮክ ብዬ ነገርኳቸው። ሳቁና ማርከር አንስተው ዕቃዬ ላይ «ሀቢሶ፣ ሀዲያ» ብለው በእንግሊዝኛ ጻፉ። ከዚያ ወዲህ ካርቶኔ ያለዚህ ጽሑፍ ወጥቶ አያውቅም።

ስለ ደሴታቸው የነገሩኝ በየማክሰኞው ጥቂት ጥቂት እያሉ ነው። አባታቸው ታይናን ከምትባል ከተማ አጠገብ ከባሕር ውሃ ጨው ያወጡ ነበር። ደሴቲቱ የራሷ ፕሬዚዳንት፣ የራሷ ምርጫ፣ የራሷ ወታደርና ገንዘብ አላት። ቻይና ግን የእኔ ናት ትላለች፤ አብዛኛው የዓለም መንግሥት፣ የእኛም ጭምር፣ ከቻይና ጋር ነው የቆመው። አቶ ሊን በሰማንያዎቹ ወደ ጆሃንስበርግ ሲመጡ ይህች አገር ከደሴቷ ጋር ወዳጅ ነበረች። በኋላ ወዳጅነቱ ወደ ቤጂንግ ዞረ።

«ፓስፖርት ላሳድስ ስሄድ የኤምባሲያችን ስም ከበሩ ላይ ተነቅሎ ሌላ ተለጥፏል» አሉኝ አንድ ቀን። «እኔ ከቆምኩበት አልተነቃነቅሁም፣ ሀቢሶ። አገሬን ግን ከበሩ ላይ አነሷት።»

የእኛም ዞን ክልል ልሁን እያለ እንደሚጠይቅ ስነግራቸው ማን ምን እንደወሰነ አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ እዚያ የሚኖረው ሰው ምን እንደሚል ነው። እንደሱ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አላውቅም።

ቲቶ የሚባል የሰፈራችን ልጅ ሱቁ ውስጥ ተገድሎ ድንኳን ስንጥል፣ ዕቃ ከምንገዛቸው ነጋዴዎች ሁሉ የመጡት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሦስት ቀን ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው ንፍሮ በሉ። ቀብሩ ላይ ስላነበብኩት ወረቀት ጠየቁኝ፤ የት እንደተወለደ፣ የማን ልጅ እንደሆነ የሚናገር መሆኑን ነገርኳቸው። ደስ አላቸው። «ለእኔስ ማን ያነብልኛል?» አሉ። እኔ አነባለሁ አልኳቸው። ቀልድ ይመስላል፤ ግን እጄን ጨብጠው ነው የተለያየነው።

ከዚያ ኮሮና መጣ። ደንበኞቻችን የቻይና በሽታ እያሉ ወደ እሳቸው መጋዘን የሚሄድ ሱቅ አንገዛም አሉ። እኛም ቀስ በቀስ ወደ አዲሱ የጅምላ ሞል ዞርን። ሞሉ የዋናው ቻይና ሰዎች ነው፤ እነሱም ቻይናዎች ናቸው፣ ብቻ ትልቅ ስለሆነ ማንም አላማውም። ሎክዳውኑ ሲጠና ሞሉ ተዘጋና ተመልሰን አቶ ሊን በር ላይ ቆምን። ማስካቸውን እንዳደረጉ ካርቶኑን በፍርግርጉ አሾልከው ሰጡን። የት ጠፋችሁ አላሉንም። ሞሉ ሲከፈት ደግሞ እንደገና ጠፋን።

በ2021 ጃንዋሪ በሁለተኛው ማዕበል ሞቱ። ዕድሩ ተሰብስቦ፣ አባል ባይሆኑም ስለ ቲቶ ሲባል እንደ አባል ይቆጠሩ ብሎ ወሰነ። ሚስታቸው ሚሲስ ሊን ወረቀቱ እንዲነበብ ስንጠይቃቸው፣ ባለቤቴም ይህን ይጠብቅ ነበር አሉኝ። በእንግሊዝኛ አሳምሬ ጻፍኩት። የመጀመሪያው መስመር፣ አቶ ሊን በታይዋን ደሴት፣ በታይናን፣ ከጨው አምራች አባታቸው ተወለዱ የሚል ነበር።

የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ለገሠ ወረቀቱን አንብበው እዚያችው መስመር ላይ ቆሙ። ክፉ ሰው አይደሉም። የሞሉ ማናጀር አበባ ይዞ እንደሚመጣ ሰምተዋል፤ ዘይትና ዱቄት በጠፋበት ሰሞን ለዕድራችን አባላት ቀድሞ የሚሰጠን እሱ ነው። ይህ የመንግሥታት ጠብ ነው፣ እኛ ወረቀታችን እንኳ ያልተስተካከለ ስደተኞች ምን አገባን አሉኝ። ነግረውኛል፣ ቃል ገብቼላቸዋለሁ ብዬ መለስኩ።

«ሙት አይሰማም፣ ልጄ» አሉ። «ሕያው ግን ሰምቶ ይቀየማል። አንዲት ቃል እኮ ናት።»

እስክሪብቶውን ዘረጉልኝ። እዚህ ላይ ጋሽ ለገሠ አስገደዱኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ እሳቸው ግን እስክሪብቶ ብቻ ነው የዘረጉልኝ። የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ባዶ መደርደሪያዬ ታየኝ፤ ታይዋንን ሰርዤ ቻይና ብዬ ጻፍኩ። ታይናንን ማንም አያውቃትም ብዬ እሷንም አወጣኋት። ከዚያ ስርዙ እንዳይታይ በንጹሕ ወረቀት ገለበጥኩት።

ቀብሩ ላይ ከሃምሳ ሰው በላይ አይፈቀድም ነበር፤ ከእኛ ሦስታችን ብቻ ገባን። ሁሉም ማስክ አድርጎ ተራርቆ ቆሟል። ዓይኔ ከሬሳ ሳጥኑ ይልቅ የሞሉን ማናጀር ይፈልግ ነበር። አልመጣም። ሾፌሩ አበባ አስቀምጦ እኔ ሳልጀምር ሄደ። ያን ጊዜ እንኳ በቃሌ ማስተካከል እችል ነበር፤ የሚቀየም ሰው አልነበረማ! እኔ ግን የተጻፈውን አነበብኩ። አቶ ሊን በቻይና ተወለዱ አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ሚሲስ ሊን አንገታቸውን አቀርቅረው ነበር። ቀና አሉ። ከዚያ በኋላ ያነበብኩትን ራሴም አልሰማሁትም።

እኛ ዘንድ ወረቀቱ ተነብቦ ሲያበቃ ለቤተሰብ ይሰጣል። ሄጄ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። የመጀመሪያውን መስመር በጣታቸው ተከትለው አዩት።

«ከየት እንደሆነ አልነገረህም ነበር?» አሉኝ። ቁጣ የለባቸውም፤ እውነት ሊያውቁ ነው የጠየቁኝ። አልነገሩኝም ብል ይቅር የሚሉኝ ይመስለኛል።

«ነግረውኛል» አልኩ።

ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ዕቃ እንዳለኝ ነገሩኝ፤ አቶ ሊን ሳይታመሙ በፊት፣ ማክሰኞ ይመጣል ብለው አዘጋጅተውልኝ ኖሯል። ሠራተኛቸው ከመኪናው ካርቶን አምጥቶ እግሬ ሥር አስቀመጠ። ላዩ ላይ በራሳቸው እጅ «ሀቢሶ፣ ሀዲያ» ተብሎ ተጽፏል። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ተሸክሜው በሃምሳ ሰው መሃል ወጣሁ። ጋሽ ለገሠ መኪና ውስጥ፣ ደህና አነበብክ አሉኝ።

ባለቤቴ አስካለች ነገሩን ስትሰማ፣ «ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። እኔም የመጀመሪያውን መስመር እንደነበረ መልሼ ሌላ ወረቀት ጻፍኩ። ይዤው ሁለት ጊዜ እስከ መጋዘኑ በር ሄድኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ምን ብዬ እንደማንኳኳ ጠፋኝና ተመለስኩ። በሦስተኛው በሩ ላይ የሚከራይ የሚል ማስታወቂያ ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የእኔ ደግሞ ወለምታም አልነበረም። ወረቀቱ አሁንም ሱቄ መሳቢያ ውስጥ ነው። ካርቶኑን አልጣልኩትም፤ ጽሑፉን ወደ ግድግዳ አዙሬ ከላይ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ጠዋት ጠዋት ዳቦ የሚገዙ አንዲት ዙሉ ደንበኛ አሉኝ፤ ጎጎ እንላቸዋለን፣ አያቴ እንደማለት ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ በመስኮቱ ብቅ ብለው «ሶማሌ፣ ዳቦ ስጠኝ» ይሉኛል። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ሶማሌ አይደለሁም ጎጎ፣ ሀዲያ ነኝ እያልኩ እቆጣለሁ። ይስቃሉ፤ በነጋታው ያው ናቸው። ከቀብሩ ማግስት መጡና እንደልማዳቸው ጠሩኝ። እጄን ወደ ዳቦው ሰደድኩ። ጎጎ ሳንቲማቸውን በእጃቸው እንደያዙ ጠበቁኝ።

«ዛሬ አትቆጣም እንዴ?» አሉኝ።

«አልቆጣም፣ ጎጎ» አልኳቸው። «ነጩን ነው ቡናማውን?»